ከታች የመጣ ሰው

ዛሬ ሆድ ሲብሰኝ ነው የዋለው። ምክንያቱን እንጃ። ማታ በረዶ ጥሎ አድሯል፤ መኪናዬን ላወጣ አካፋ ይዤ ስወጣ ጎረቤቴ የአቫላንችን፣ የዴንቨሩን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ማሊያ ከጃኬቱ በላይ ደርቦ ቆሟል። "ዛሬ ጨዋታ አለ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ወደ ቡድኑ አሰልጣኝ፣ ወደ ጃሬድ ቤድናር ሄደ።

ዴንቨር ከመጣሁ ጀምሮ ልቤን የነካኝ ስፖርተኛ ቢኖር እሱ አሰልጣኙ ነው። ተከላካይ ነበር። የተጫዋችነት ዘመኑን በታችኞቹ ሊጎች ጨረሰ፤ በትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል ውስጥ አንዲት ጨዋታ እንኳ አልደረሰችውም። ብዙውን ጊዜ የተጫወተው ደቡብ ካሮላይና ነው፣ በረዶ ብርቅ በሆነበት አገር። እዚያ በ1997 እና በ2001 በተጫዋችነት ዋንጫ አነሳ። ያንኑ ዋንጫ በ2009 አሰልጣኝ ሆኖ ደገመው። በ2016 ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው ሊግ ከክሊቭላንድ ቡድን ጋር አሸነፈ።

በዚያው ዓመት ፓትሪክ ሯ የአቫላንችን አሰልጣኝነት በድንገት ሲለቅ እሱ ተጠራ። ሯ ማለት እዚህ ከተማ ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው የድሮ በረኛ ነው። የቤድናርን ስም ግን ማን ሰምቶት! የመጀመሪያው ዓመት የጉድ ነበር፤ ከ82 ጨዋታ ያሸነፉት 22 ብቻ። ከሊጉ መጨረሻ ወጡ። ግን አላባረሩትም። እኔን የሚገርመኝ ከዋንጫው ይልቅ ይሄ ነው፤ አንድ ሰው አምኖ ጠበቀው። በ2022 ታምፓ ላይ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን አነሳ። በሦስቱም ሊጎች ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆነ።

እኔም በእግር ኳስ ከታችኛው ዲቪዚዮን አላለፍኩም። ጉልበቴ ነው ያስቀረኝ። ኳስ ስትነሳ ዝም የምለውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ባለ ሜዳ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ የጫማው ክር ተፈቶ አየሁት። ተንበርክኬ አሰርኩለት። ጣቶቹ በብርድ ቀልተዋል። ቀና ብዬ "ኳሷን በአውራ ጣትህ ሳይሆን በእግርህ ጎን ምታት" አልኩት። ሄዶ መታት። ቀጥ ብላ ሄደች። ዞሮ አየኝ።

እዚያ የሚጫወቱት ልጆች ወላጆች "በቋሚነት አሰልጥንልን" ብለው ከጠየቁኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም። እኔ ያልደረስኩበትን መንገድ ለልጅ ላሳይ እችላለሁ?