«ዛሬ ሐይቁ እንዴት ነው?» ለሎጃችን እንግዶች የአየርና የማዕበል ሰሌዳ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ትንሽ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ቁርስ ላይ ከሁሉም በላይ የምሰማው ጥያቄ «ዛሬ አየሩ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው ግን ዲግሪ ብነግረው አይጠቅመውም። ማወቅ የሚፈልገው ዘጌ ደርሶ፣ ገዳማቱን አይቶ፣ ሳይበሰብስ መመለስ ይችል እንደሆነ ነው። ሰሌዳ ለማዘጋጀት ስነሣ ይህን ይዤ ነው የተነሣሁት፦ እንግዳው የሚፈልገው ሰዓት ነው። መቼ ይውጣ፣ መቼ ይመለስ።

የስልክ ትንበያ ለዚህ ሥራ ብዙም አይሆንም። ሐምሌንና ነሐሴን ከዳር እስከ ዳር የደመናና የመብረቅ ሥዕል ይደረድርባቸዋል። ውሸት አይደለም፤ ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ነገር ግን የሐይቁ ዳር የክረምት ዝናብ ማታና ሌሊት ይበዛል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሐይቁ ላይ ይገናኝና ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደመናው እዚያው ይቋጠራል። ጠዋት ላይ ዘንቦ የጨረሰ ሰማይ ነው የምናገኘው። የመብረቁን ሥዕል አይቶ ጉዞውን የሰረዘ እንግዳ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

መነሻ እንዲሆነኝ ዛንዚባር ሆቴል ውስጥ የሚሠራውን የአክስቴን ልጅ የእነሱን ሰሌዳ ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። የእነሱ ሰሌዳ መጀመሪያ የሚናገረው ባሕሩ ስንት ሰዓት ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚሸሽ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳር ውሃው ሲሸሽ ሰው እስከ ኮራል ሪፉ፣ ባሕሩ ውስጥ እስካለው የኮራል ዐለት ድረስ፣ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ ትናንት የተጻፈው ዛሬ አይሠራም። ቀጥሎ የነፋሱ ወቅት አለ፦ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ፣ በእኛ ክረምት ጊዜ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ። ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባንዲራ።

ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ባንዲራውን ብቻ ነው። ባሕሩን የምትሞላውና የምታሸሸው ጨረቃ ጣናን በዓይን በሚታይ መጠን አታነቃንቀውም። ጣና ግን በየቀኑ የሚመጣ የራሱ ጠባይ አለው። ከረፋዱ በኋላ የብሱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይነሣል፤ በምትኩ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ወደ ዳር ይገባል። ባሕር ዳር ያለችው በደቡቡ ጫፍ ስለሆነ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ውሃውን እየገፋ የሚሮጥበት ረጅም ሜዳ አለው፤ ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ በጣም በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበል ተቀራርቦና ቀጥ ብሎ ይመጣል። ቁመቱ ከውቅያኖስ ጋር አይወዳደርም፤ ትንሽ ጀልባን ግን ያለ ዕረፍት ይመታል፣ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ተሳፋሪውን ያርሳል። ከዘጌ ከሰዓት በኋላ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ነው ወደ ሰዓት የቀየርኩት። ወደባችን ላይ ከሁሉም የሚበልጡት አዛውንት ዘንድ እየሄድኩ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» እላለሁ። መልሳቸው አጭር ነው፦ «እስከ አምስት ሰዓት የእኔ ነው ልጄ፤ ከዚያ ወዲያ የሱ ነው።» ምን አይተው እንደሚናገሩ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ደመናውን ያያሉ፣ ግን ከደመናው ይልቅ ውሃውን ያያሉ። ነፋስ ገና ሳይደርስ ሩቅ ላይ ውሃው ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር መስመር ወደ እኛ ሲጠጋ መመለሻው ደርሷል ማለት ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አስጋሪዎች ወደ ዳር ሲሰበሰቡ ካዩም ሌላ ማስረጃ አይፈልጉም። በክረምት ደግሞ ከዝናቡ ቀድሞ የሚወጣውን ድንገተኛ ቀዝቃዛ ነፋስ ይፈሩታል፤ ዝናቡ ራሱ ማርጠብ እንጂ ጀልባ አይገለብጥም ይላሉ።

እነሱ የሚሉትን ምሽት ላይ ከሆነው ጋር እያስተያየሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ከስልኩም ትንበያ ጋር አነጻጸርኩ። ስልኩ የነፋሱን አቅጣጫ ደህና አድርጎ ይናገራል፤ ኃይሉን ግን ያሳንሳል። ከተማ ውስጥ ነፋሱ ከዛፍና ከቤት ጋር ሲጋጭ ይደክማል፤ ሐይቁ ላይ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ትንበያውን ለነገ ዕቅድ፣ የጀልባ ነጂዎቹን ቃል ለዛሬ ውሳኔ አደረግሁት።

ሰሌዳው ላይ ቀኑ በሦስት ተከፈለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሐይቁ እንደ መስታወት የሚተኛበት ጊዜ ነው። ከ5 እስከ 7 ቢጫ፦ ቅርብ ቦታ ብቻ፣ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ። ከዚያ በኋላ ያለው በየቀኑ ይወሰናል። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ምድሩ በጣም በሚግልበት ወራት፣ ከሰዓቱን ቀይ የምናደርገው ይበዛል። ነጎድጓድ ከተሰማ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ቀይ ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይወጣም። ሜዳ ውሃ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሰዓቱን በሁለት ዓምድ፣ በሐበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍኩት። ትንሽ ነገር ይመስላል። «ሰባት ሰዓት» ተብሎ ለጠዋቱ የመጣ ፈረንጅና ለቀትር የመጣ ጀልባ ነጂ ግን ሲተላለፉ መዋላቸው እዚህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ከሁሉም ያስቸገረው የገንዘቡ ነገር ነው። ባንዲራው ቀይ ሆኖ እንግዳው ለጀልባው ቀድሞ ከፍሎ ቢሆንስ? የሎጁን ባለቤት ለማሳመን ተከራከርኩ፦ እኛ ቀይ ካልን እንግዳው የከፈለው ይመለስለት፤ አለዚያ ቀዩን ለመስቀል ሁላችንም እንፈራለን። ተስማማ። ወዲያው ግን ተቃራኒው መጣ። አንድ ከሰዓት ቀይ ሰቅለን ሐይቁ ሳይነሣ መሸ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት «የጫጉላ ሽርሽራችንን በረንዳ ላይ አዋላችሁን» ብለው ተቆጡ። ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ነፋሱ ሐሳቡን ቢቀይር እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ባንዲራውን አልቀየርንም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ግን «ማዕበል አለ» ከማለት «ማዕበል ሊነሣ ይችላል» ወደሚል አዞርነው፤ ለዘጌ ሄደው ለሚዘገዩት ደግሞ በየብስ መንገድ በመኪና የሚመለሱበትን ዋጋ ጎን ለጎን ጻፍን። ይህቺ የመኪና መስመር ከባንዲራው በላይ ክርክር አስቀርታለች፤ ሰው አማራጭ ሲኖረው አይጣላም።

ውሃው ከፍና ዝቅ ማለቱም ቦታ አገኘ። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሚጎድለው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ የዓባይን መውጫ ስለሚቆጣጠር፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከምዕራቡ ዳር ውሃ ስለሚወስድ፣ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ለእንግዳው ይህ ሁሉ የሚተረጎመው በጫማ ነው። በግንቦት ከጀልባ ሲወርዱ ድንጋይና ጭቃ ይረግጣሉ፤ በመስከረም ደንገሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጀልባው እስከ ዛፉ ሥር ይጠጋል። የክረምቱን ቡናማ ውሃ አይቶ «ቆሻሻ ነው እንዴ?» ለሚለኝ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የመጡት አፈር ነው እላለሁ። የጎጃምና የጎንደር ማሳ ነው እንግዲህ ከፊታችን የሚያልፈው።

ሙቀትና ቅዝቃዜ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ብቻ አላቸው። በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ ጀልባ የሚሳፈር ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዝ። ፀሐይዋን ደግሞ አይናቃት፦ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ነፋሱ እያቀዘቀዘ ያታልላል፣ ቆዳ ግን ይቃጠላል። ይህን ያስገባሁት ለሴቶቹ ብዬ ነው። የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ወንዶቹ ወጥተው እስኪመለሱ እኛ ወደቡ ላይ ጀልባ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ጥላ የሌለው ጀልባ ላይ ያ ጊዜ ረጅም ነው። አሁን ወደነዚህ ቦታዎች ቡድን ሲሄድ ጣሪያ ያለው ጀልባ ካልሆነ አንልክም።

መዋኘትን በሚመለከት ባንዲራ የለንም፤ አይዋኝም ብለን ጨርሰናል። ከዳሩ ውሃ ቢልሃርዚያ ይይዛል፤ ከዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ። ሐይቁ ሲረጋ ያማረውን ሰው መመለስ ከባድ ስለሆነ ይህ መስመር በቀይ ቀለም፣ ከሁሉም በትልቁ ተጽፏል። ላይፍ ጃኬት ግን ባንዲራው አረንጓዴም ሆነ ቀይ ይለበሳል፤ ጀልባ ነጂዎቹ ራሳቸው እንዲለብሱ ማድረግ ከእንግዳው የበለጠ አስቸግሮኛል፣ እስካሁንም አልጨረስኩትም።

የቀረኝ ደቅ ደሴት ነው። ደቅ ድረስ ለሚሄድ የባሕር ዳር ዳርቻ ብዙ አይነግርም፤ እኛን የዘጌ ልሳነ ምድር በጥቂቱ ይከልለናል፤ ከዚያ ሲወጡ ግን ሐይቁ ክፍት ነው። ጉዞውም በሰዓታት ስለሚቆጠር በአረንጓዴ ወጥቶ በቢጫ ለመድረስ ሰፊ ዕድል አለው። እዚያ ያለውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ማየት የሚፈልጉ እንግዶች ሲኖሩ ንጋት ላይ ደሴቱ ላይ ወደሚኖር ሰው እንደውላለን። የምንጠይቀው ስለ ሰማዩ አይደለም፤ ትናንት ከሰዓት ነፋሱ ስንት ሰዓት እንደተነሣና ማታ እንደወደቀ ወይም ሲነፍስ እንዳደረ ነው። ሲነፍስ ካደረ ጀልባው አይወጣም፤ እንግዶቹን በመኪና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንወስዳቸዋለን፣ ደቅ ለማግሥቱ ይቆያል።