አዲስ የአየር ማስገቢያ ገጥሜ ሚኒሞው አልረጋ ሲለኝ

የአየር ማስገቢያ መቀየር ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። ፋብሪካው የሠራውን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ታወጣላችሁ፣ በቦታው የሚያብረቀርቅ ቱቦና ሾጣጣ ፊልትሮ ትገጥማላችሁ፣ ቱቦውን የሚያስሩትን ቀለበቶች፣ ፋሼታዎቹን፣ ታጠብቃላችሁ፣ አለቀ። ካቻቢቴና የ10 ቁልፍ ይበቃል። ሞተሩን ሳስነሳው ድምፁ ደስ ይላል። ጋዝ ስረግጥም አየሩ ሲገባ ይሰማል። ጣጣው የመጣው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌ 700 ላይ መቆም ሲገባው ወደ 550 ይወርድና ወደ 900 ይዘላል። መሪው ይርገበገባል። ማርሹን ዲ ላይ አድርጌ ፍሬን ይዤ ስቆም ደግሞ ሞተሩ ሊጠፋ ይዳዳዋል። መንገድ ላይ ሲሄድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላማዊ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቼክ ኢንጂን በራ። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ በአጭሩ «ድብልቁ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል» ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮዱን አጥፍቶ «እስቲ ይመለስ እንደሆነ ልይ» ይላል። እኔ አልነካሁትም። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበሩትን ቁጥሮች አብሮ ያስቀምጣል፦ ዙሩን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የነዳጅ እርማቱን። ኮዱን ስታጠፉ እነዚህም አብረው ይጠፋሉ። የእኔ እንደሚለው ሞተሩ ሞቋል፣ መኪናው ቆሟል፣ ዙሩ ዝቅተኛ ነው። ይኼ ብቻውን ግማሹን ነገር ተናገረ።

ወደ ቁጥሮቹ ከመግባቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ይኼን ካልያዝን ቀሪው ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። የእኔ መኪና ማፍ ሴንሰር አላት። ከፊልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ ተሰክቶ የሚገባውን አየር በክብደት የሚለካው ማለት ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ሽቦውን እንደጋለ ለማቆየት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳስፈለገ ታይቶ የአየሩ መጠን ይታወቃል። ኮምፒውተሩ ይኼን ይዞ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ያህል ቤንዚን ይረጫል። ሴንሰሩ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቆጥር ሰው ማለት ነው፤ በመስኮት የገባውን አያውቅም። ሳይቆጠር የገባ አየር ነዳጅ አይመደብለትም።

ሚኒሞ ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ የሚስበው አየር በጣም ትንሽ ነው። ከትንሽ ላይ ትንሽ ሲሰረቅ ያስታውቃል። ጋዝ ሲረገጥ ያቺው ስርቆት ከብዙው አየር ጋር ተደባልቃ ትጠፋለች።

አሁን ወደ ስካነሩ። ዋጋው ሰማይ የሚነካ ዕቃ አያስፈልግም፤ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ በቂ ነው። ማየት የፈለግኩት ፊዩል ትሪም የሚባለውን ነው። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር «ነዳጅ አንሷል» ሲል ኮምፒውተሩ ይጨምራል፣ «በዝቷል» ሲል ይቀንሳል፤ የጨመረውን ወይም የቀነሰውን በመቶኛ ያሳያል። የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ደምሯቸው። እስከ 5 ገደማ ወዲያና ወዲህ ቢል የሚያሳስብ አይደለም።

ዕቃውን ከመግጠሜ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች በስልኬ ፎቶ አንስቻቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ እንደዚህች ፎቶ የጠቀመኝ ነገር የለም። ድሮ፦ ድምሩ ከ2 እስከ 3፣ ሚኒሞ ላይ ማፍ ሴንሰሩ የሚያነበው በሰከንድ 2.3 ግራም። ሞተሩ 1.8 ሊትር ስለሆነ ይኼ ጤነኛ ንባብ ነው። አሁን፦ ሚኒሞ ላይ ድምሩ 23፣ ንባቡ 1.9 ግራም። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ በፊልትሮ ምክንያት አየር መሳብ አልቀነሰም። የቀነሰው የተቆጠረው ነው።

ከዚያ ማርሹን ፒ ላይ አድርጌ ዙሩን 2,500 ላይ ያዝኩትና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ድምሩ ከ23 ወርዶ 10 ገደማ ላይ ቆመ።

ይኼን ልብ በሉት። አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዙሩ ሲጨምር እርማቱ ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር። ሴንሰሩ ብቻ አሳንሶ እየቆጠረ ቢሆን ደግሞ ሚኒሞም ላይ 2,500ም ላይ ተቀራራቢ ቁጥር አይ ነበር። የእኔ ግን ወርዶ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥፋት አለ ማለት ነው። አንዱ ቀዳዳ፣ ሌላው ቆጠራ። እጄን ኮፈኑ ውስጥ ሳላስገባ ይኼን አወቅኩ።

መካኒክ የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ «ጠዋት ስታስነሳው ይረጋል አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ይረጋል። «በቃ፣ ሲቀዘቅዝ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚሰጥ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ መተንፈሻውን እይልኝ» ብሎ ዘጋው። ሰውየው ወሬ አያበዛም።

ፋሼታዎቹን ቶሎ ቶሎ ፈተሽኩ። ሁሉም ጥብቅ ናቸው፤ የጎማ መገጣጠሚያዎቹም አልተጣጠፉም። ብዙዎች እዚህ ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ ሞተሩ ድምፅ ሲቀይር ያዳምጣሉ። ይሠራል፤ ግን በጋለ ሞተር ላይ የሚነድ ፈሳሽ መርጨት ስለሆነ እኔ አልወደውም። ጭስ ነፍቶ ቀዳዳ የሚያሳይ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

የጓደኛዬ ነገር ትክክል ነበር። የፋብሪካው ቱቦ ላይ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ክዳን የሚመጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይሰካ ነበር፤ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። አዲሱ ቱቦ ላይ ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ የለም። በምትኩ ከካርቶኑ ውስጥ የአውራ ጣት የምታህል ፊልትሮ ወጣች፤ መመሪያው «መተንፈሻው ላይ ሰካት» ይላል። የተሰካችውም እንደ መመሪያው ነው። ስታዩዋት ታምራለች።

ችግሩ ሌላው ጫፍ ላይ ነው። ፒሲቪ የምትባለው ትንሽ ቫልቭ ከፒስተኖቹ በታች የሚጠራቀመውን ጋዝ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ እየሳበች ታስቃጥላለች። በሚሳበው ምትክ ንጹሕ አየር በመተንፈሻው በኩል ይገባል። ፋብሪካው መተንፈሻውን ከማፍ ሴንሰሩ በኋላ የሰካው በምክንያት ነው፤ በዚያ በኩል የሚገባው አየር አስቀድሞ ተቆጥሯል። በትንሿ ፊልትሮ በኩል ሲሆን ግን አየሩ ከውጭ ይገባል፣ በሞተሩ ሆድ ያልፋል፣ በፒሲቪ በኩል ማኒፎልድ ይደርሳል። ቆጣሪው ምንም አያውቅም። ሚኒሞ ላይ ደግሞ የማኒፎልዱ መሳብ ከፍተኛ ነው። የተደበቀው ቀዳዳ በግልጽ ተቀምጦ፣ ለዚያውም ፊልትሮ አድርጎ ነበር።

ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። እንደኔ ባለ ማፍ ሴንሰር መኪና ላይ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ክዳኑ ሲነሳ ሚኒሞው ወዲያው ይረበሻል፤ ያልተቆጠረ አየር ገባ ማለት ነውና። የእኔ ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያም ክፍት የነበረ ነገር ሌላ ቀዳዳ ቢከፈትበት ምን ይለዋል! ክዳኑን መለስኩና ትንሿን ፊልትሮ ነቅዬ የመተንፈሻውን አፍ በአውራ ጣቴ ደፈንኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀስ እያለ ጣቴን መሳብ ጀመረ፤ ቆዳዬ ወደ ቀዳዳው ሲገባ ይታወቀኛል። መርፌው ሁለቴ ወዝወዝ አለና 700 አካባቢ ተቀመጠ። ጣቴን ሳነሳ እንደገና መዝለል ጀመረ። ይኼን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አድርጉት፤ ሆዱ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ለዘይት መከላከያ ጎማዎቹ ጥሩ አይደለም። ደፍኖ መንዳትማ ጨርሶ አይታሰብም።

መፍትሔው ቀዳዳውን መመለስ ነው። ቱቦውን ከመኪናው አወረድኩ፤ ማፍ ሴንሰሩን አልፎ፣ ጋዝ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር፣ ትሮትል ቦዲው፣ ጋ ሳይደርስ ባለው ቦታ ላይ በሳሁትና የጎማ ቀለበት ያለው መሰኪያ አስገባሁበት። ቱቦው መኪናው ላይ እያለ የሚበሳ ሰው አይቻለሁ። የአሉሚኒየም ብናኝ ሞተር ውስጥ ቢገባ የሚያደርሰውን ማሰብ እንኳ አልፈልግም። ከበሳሁ በኋላ ጠርዙን ሞረድኩ፣ ውስጡን አጠብኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ አደረቅኩ። ከመተንፈሻው እስከ መሰኪያው ዘይት የሚቋቋም ጎማ ቱቦ ዘረጋሁ። ተራ የውኃ ጎማ ዘይት ሲነካው ይልመሰመሳል።

ሚኒሞው ረጋ። ድምሩን ሳይ ሚኒሞ ላይ 9፣ 2,500 ላይም 9። አንደኛው ጥፋት ሄደ፤ ሁለተኛው ብቻውን ወጥቶ ቆመ።

እዚህ ላይ «ረግቷል አይደል፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በተለመደው መንገድ ኮምፒውተሩ ያርመዋል። ነገር ግን ጋዝ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ኮምፒውተሩ እንደ ሌላው ጊዜ በኦክስጅን ሴንሰሩ አይመራም፤ ዋናው መረጃው ማፍ ሴንሰሩ ነው። ያኔ ነዳጅ ቢያንስ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሊያንኳኳም ይችላል። ለጉልበት ብሎ የተገዛ ዕቃ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ሞተሩን ከጎዳ ምኑን ተጠቀምነው?

ምክንያቱን ያገኘሁት በመለኪያ ነው። የድሮው ቱቦ ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ውስጡ 70 ሚሊሜትር ነው። የአዲሱ 73። ሦስት ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። የቱቦ ስፋት ግን የሚሄደው በዲያሜትሩ ስኩዌር ነው፦ 73 ሲባዛ በ73፣ 5,329፤ 70 ሲባዛ በ70፣ 4,900። ልዩነቱ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ሴንሰሩ የሚነካው ከመሀል የሚያልፈውን ትንሽ አየር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ የሚያባዛው የፋብሪካውን ቱቦ ስፋት አስቦ ነው። ቱቦው ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ ሽቦው ብዙም አይቀዘቅዝም፣ ቁጥሩም ያንሳል። ሂሳቡ ከስካነሩ ቁጥር ጋር እንዲህ ሲገጥም ሳይ፣ አልዋሻችሁም፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የኮምፒውተሩን የማፍ ሠንጠረዥ በሚያውቅ ሰው ማስተካከል ነው። ሌላው ሴንሰሩን ትክክለኛ ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ መመለስ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ውስጡ 70 የሆነ የሴንሰር መያዣ ቁራጭ ፈልጌ በጎማ ማጥበቢያ አገናኘሁት። ከመታጠፊያው ራቅ አድርጌ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ አስቀመጥኩት፤ መታጠፊያ ላይ አየሩ ስለሚሽከረከር ንባቡ ይዘላል። ሴንሰሩ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ከዚህ በኋላ ድምሩ ሁለቱም ቦታ ላይ 3 ገደማ ሆነ።

ሴንሰሩን ስላወጣሁት አጸዳሁት፤ ለእሱ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ፣ ሽቦውን ምንም ሳላስነካ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ያላችሁ ሰዎች ዘይቱን አታብዙት። ትርፉ በአየር ተወስዶ ሽቦው ላይ ይለጠፍና ያው ውሸት ቆጠራ ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ኮዱን አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ የለመደው የተሳሳተ እርማት አብሮ ስለሚሰረዝ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና እንዲማር ዕድል መስጠት ያስፈልጋል። ሞተሩን አሞቅኩት፤ መብራቱንም ኤሲውንም አጥፍቼ ለትንሽ ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲሠራ ተውኩት፣ ቀጥሎ ኤሲውን አብርቼ ደገምኩት። አንዳንድ መኪና የራሱ ቅደም ተከተል ስላለው መመሪያውን እዩ። ጥፋቱን ሳታገኙ ባትሪ ነቅሎ መመለስ ግን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያድነውም።

መኪናችሁ ማፍ ሴንሰር ከሌላት፣ በማኒፎልዱ ግፊት የምትሠራ ከሆነ፣ ይኼ ሁሉ የቱቦ ስፋት ሂሳብ አይመለከታችሁም። እሷ ላይ ከትሮትል በፊት ያለ ቀዳዳ አቧራ ያስገባል እንጂ ቆጠራ አያዛባም። ሚኒሞው ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ከትሮትሉ በኋላ ያሉትን ቀጫጭን ጎማዎች ፈትሹ፤ ወደ ፍሬን የሚሄደውን ወፍራሙንም አትርሱት።