የሌጦው አቅጣጫ

ፍላት የሴቶች ጫማ በእጅ በሚሰፋበት አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ ትእዛዝ ተቀባይና አስረካቢ ነኝ። ሥራውን ከቅርብ ያላየ ሰው ፍላት ጫማን ከሁሉ የቀለለ አድርጎ ያስባል፤ ተረከዝ የለው፣ ማሰሪያ የለው። እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው እላለሁ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ቢላላ ክሩን ማጥበቅ ይቻላል፤ ፍላትን እግር ላይ የሚያቆየው አፉ ብቻ ነው። አፉ ከተለጠጠ አለቀለት።

ከፋሲካ በፊት አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባዮቹ ጥቁር ፍላት አዘዘን። በጥድፊያም ቢሆን በቀኑ አስረከብን። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ሠራተኞች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። «እህቴ፣ ደረጃ ስወጣ ከተረከዜ ይወልቃል» አለችኝ አንደኛዋ። ስፌቱን አየሁ፤ ደህና ነው። ሶሉም አልተላቀቀም።

ዋና ባለሙያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጫማውን ከጎኑ በቢላ ቀደው ጣት የምታህል ቁራጭ አወጡ። ከፊት ወደ ተረከዝ ሲስቧት ተለጠጠች፤ ሲለቋትም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። አዙረው ሲስቧት ንቅንቅ አላለችም። «ተገላቢጦሽ ነው የተቆረጠው» አሉ።

ሌጦ ከአንገት ወደ ጭራ፣ በጀርባ አጥንቱ መስመር ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ ከጀርባ ወደ ሆድ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። ቶማያው፣ ከሶሉ በላይ ያለው የጫማው ቆዳ፣ በርዝመቱ የጀርባውን መስመር ተከትሎ መቆረጥ አለበት። ቆራጫችን ይህን አጥቶት አይደለም። የበግ ሌጦ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ የቆዳ ተባዮች በጎቹ በሕይወት ሳሉ የሚያመጡባቸው እከክ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ከቀረው ንጹሕ ቦታ ብዙ ጥንድ ለማውጣት የካርቶን ልኩ ዞረ። ፈተናው ይገባኛል።

ሌላ ቆዳ ለምን አትጠቀሙም የሚሉን አሉ። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ የውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል፤ ለፍላትም የሚመረጠው በዚሁ ባሕርይው ነው። ጫማው ከሶሉ ጋር የሚሰፋው ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነው፤ ስፌቱ ሲያልቅ ይመለስና የእግር ቅርጽ ያለው ፎርማ ገብቶበት ቅርጹን ይይዛል። የዳንስ ጫማ ሠሪዋ ሮዝ ሬፔቶ እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ውስጥ ለፊልም ተዋናይዋ ብሪጂት ባርዶ የሠራችው ዝነኛ ባሌሪና ፍላትም የተሰፋው በዚሁ መንገድ ነው። ወፍራም ቆዳ እንዲህ መገለባበጥን አይችልም። ፍላቱን እግር ላይ እንደ ካልሲ የሚያስቀምጠው የሌጦው ልስላሴ ነው፤ ካላወቁበት የሚያበላሸውም ይኸው ልስላሴ።

ጋሼ ትእዛዙ በሙሉ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራ አደረጉ። በዚህኛው ዙር በገበሩና በቶማያው መካከል፣ በአፉ ዙሪያ፣ ቀጭን ጥብጣብ ተሰፋበት። ከእነዚያ ጥንዶች አንዱ በቅርቡ ተመልሶ መጥቷል፤ ከሥሩ አዲስ ሶል እንዲለጠፍበት። ሶሉ አልቆ ሳለ ቶማያው የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይዞ፣ አፉ እንደጠበቀ ነበር። ሰው ሠራሽ ቆዳ ቢሆን ኖሮ ሶሉ ሳያልቅ ፊቱ ይላጥ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማንም አያስጠግነውም።

አሁን ቆራጩ ቢላ ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዱን ሌጦ የጀርባ መስመር በጠመኔ ያሰምራል። ከአንድ ሌጦ የሚወጣው ጥንድ ቀንሷል፤ ዋጋችንም በዚያው መጠን ጨምሯል። ለምን ተወደደ የሚል ደንበኛ ሲመጣ በቁመትና በጎን የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች እሰጠዋለሁ፤ ራሱ ይስባቸዋል።