ከ3 ዙር ቶ ሉፕ ወደ 4 ዙር፦ ከከፍታ ይልቅ ክንድ

በበረዶ ስኬቲንግ 3 ዙር ቶ ሉፕ (የጫማውን ምላጭ የፊት ጥርስ በረዶ ላይ ተክሎ የሚነሳ ዝላይ) ያደላደለ ሰው ለ4ኛው ዙር መጀመሪያ የሚያስበው ከፍ ብሎ መዝለልን ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። 50 ሳንቲሜትር የዘለለ ሰው አየር ላይ የሚቆየው 0.64 ሰከንድ ያህል ነው፤ 60 ቢደርስ 0.70። እነዚያ 10 ሳንቲሜትሮች ደግሞ የወራት የእግር ሥራ ይጠይቃሉ። ቶሎ የሚሻሻለው ክንድና እግር የሚሰበሰቡበት ፍጥነት ነው።

መለኪያው ስልካችሁ ነው። በሰከንድ 240 ፍሬም ቅረጹና ጥርሱ በረዶውን ከለቀቀበት እስከ ማረፊያው ቁጠሩ፤ 154 ገደማ ከመጣ ከፍታው 50 ሳንቲሜትር ነው። ቀጥሎ ክንዶቹ ደረት ላይ እስኪገጥሙ ስንት ፍሬም እንደፈጀ ቁጠሩ። 40 ከሆነ ከበረራው ሩቡ ሳትሰበሰቡ አልፏል፤ መጨረሻ ላይ የጎደለው ዙር የጠፋው እዚያ ነው። መሻሻልን የምትመዘግቡት በዚህ ቁጥር ይሁን፤ “ዛሬ ስንት አረፈ” የሚለው ቆጠራ ያታልላል። በገመድ ቀበቶ ስትሠሩ ግን ቆጠራውን ተዉት፤ አሰልጣኙ ሲስብ የበረራውን ጊዜ ያራዝመዋል።

አነሳሱ ላይ፣ ወደ ግራ የሚዞር ሰው በቀኝ እግሩ ምላጭ ውጭ ጠርዝ ወደ ኋላ እየሄደ የግራ ጥርሱን ከኋላው ይተክላል። ለኳድ (ለ4 ዙሩ ዝላይ) ሲቸኩል ትከሻው ይቀድምና ገና በረዶ ላይ ሳለ ፊቱን አዙሮ ይነሳል፤ ቶ አክሰል የሚሉት ስህተት ይህ ነው። ጥርሱ እስኪተከል ትከሻን ያዙት። ከተነሳችሁ በኋላ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎን ካልተሻገረ የምትዞሩበት ዘንግ ያጋድላል፤ ያን ጊዜ የክንድ ፍጥነት አያድንም፣ እንዲያውም አወዳደቁን ያከፋዋል።

ውድድር ላይ መቼ ይግባ? የ4 ዙር ቶ ሉፕ መነሻ ዋጋ 9.5 ነው። ከሩብ ዙር በላይ ከጎደለው 80 በመቶው፣ 7.6 ይቀራል፤ ግማሽ ዙርና ከዚያ በላይ ከጎደለ እንደ 3 ዙር፣ በ4.2 ይታያል። ዙሩ ሞልቶ መውደቅ ደግሞ በአፈጻጸም ነጥብ 4.75፣ በመውደቅ ቅጣት 1 ይወስዳል፤ 3.75 ይቀራል። ከንጹሕ 3 ዙር ያነሰ ነው! (ካናዳዊው ስኬተር ከርት ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ቡዳፔስት ላይ ይህንኑ ዝላይ ሲያሳርፍ እንዲህ ያለ ሒሳብ አልነበረበትም።)

ሲደክም መጀመሪያ የሚዘገየው ክንድ ነው። ቁጥሩ ከዕለቱ መነሻ 5 ፍሬም ካደገ የቀኑ ኳድ ይብቃ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መውደቅ ለዳሌና ለቁርጭምጭሚት ብቻ ነው የሚተርፈው።