ያን ማታ የተሳልኩት ስለት

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ቤይሩት ነበርኩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሏል። ለማዳም እራት ሰላጣ እየከተፍኩ ነው። መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መስኮቱ ሁሉ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ወደቡ ላይ ለዓመታት ተከማችቶ የቆየ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት እንደፈነዳ የሰማሁት በማግስቱ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ከፍሪጁ ጀርባ ተሸጉጬ፣ ክንዴ ላይ መስታወት ተሰክቶ፣ "እመቤቴ፣ ከዚህ በሕይወት ካወጣሽኝ እመነኩሳለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ክንዴን ተሰፍቼ ተረፍኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ፍልሰታ ገባ። መስኮት በሌለው ቤት፣ በዳቦና በሻይ ጾምኩ።

ስለዚያ ስለት ዛሬ የምጽፈው በየሰው ቤት ላላችሁ እህቶቼ ነው። ለብቻ ሲጸለይ ብዙ ሐሳብ ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ ከእግዚአብሔር ይመስላል። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ልጠፋ ነበር።

ቤይሩት 8 ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እሑድ እንኳ አልወጣም ነበር። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኔ ስልኬ ነበር። ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ኢርፎኔን ሰክቼ መዝሙር እሰማለሁ፣ ስብከት እሰማለሁ። ብዙው ጥሩ ነበር። በእውነት፣ እሱ ባይኖር አልቆምም ነበር።

ገንዘቤን የምልከው ለእህቴ ነው። ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። አለም ገና በኩል መሬት ገዝታልኝ ቤት እየሠራችልኝ ነበር። የቤቱን ፎቶ ላኪልኝ ስላት "ኔትወርክ የለም" ትላለች። በኋላ ሊባኖስ ውስጥ ዶላር ጠፋ። ደሞዛችን በሊራ ሆነ። ሊራው በየቀኑ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤት እውነቱን ነገረችኝ። ቤት የተባለው ሁለት የቆርቆሮ ክፍል ነው። የቀረው ብር ለእህቴ ባል ባጃጅ ሆኗል።

ያኔ ነው በስልክ የሚያስተምር አንድ ሰው ጋ የጻፍኩት። ስሜን እንኳ አያውቅም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "በቤተሰብሽ ውስጥ የምትቀናብሽ ሴት አለች፣ መተት አስደርጋብሻለች" አለኝ። እህቴ ናት ብዬ አለቀስኩ። መብዓ ላኪ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ መቶ መቶ ዶላር ላክሁ። ጸሎት ሰጠኝና "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ይረክሳል" አለኝ። ብሩ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ጸሎቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እህቴ ሳይሆን በእህቴ ላይ መጸለይ ጀመርኩ።

ጥር 2013 ወደ ሀገሬ ተመለስኩ። እትዬ ቦሌ መጥታ ልታቅፈኝ ስትል እጄን ብቻ ሰጠኋት። በዚያው ሳምንት ሁለቱ የቆርቆሮ ክፍል ገባሁ። ሰፈሩ ገና ጭቃ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው። ያን ተራራ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። ስለቴን፤ ዛሬውኑ፣ ሳልውል ሳላድር መመንኮስን። ደረቴ ውስጥ የሚያጣድፈኝ ነገር አለ። ያን ሁሉ ሰው የጨረሰ ፍንዳታ እኔን የተወኝ ተመርጬ ነው እላለሁ። ታክሲ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ሳይ ያሳዝኑኛል። እነሱ በዓለም ናቸው፣ እኔ ተጠርቻለሁ። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

ሰበታ ቅርብ ነው። በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ እናቶች ያሉበት የሴቶች ገዳም አለ። ልብሴን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት እናት ተቀበሉኝ።

"የንስሐ አባትሽ ባርከውሻል?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ራሱ ጠርቶኛል" አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኩት።

ፌስታሌን አዩት። "እሱ ከጠራ አይቸኩልም፣ ልጄ። ገዳምም ቢሆን አመክሮ አለው። መጀመሪያ አባትሽ ጋ ሂጂ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ፈተና ነው፣ ሰይጣን መንገዴን ሊዘጋ ነው አልኩ። እስከ አለም ገና ድረስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

የንስሐ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። 8 ዓመት ሙሉ አልደወልኩላቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍንዳታውን፣ ስለቱን፣ የስልኩን ሰው፣ የእህቴን ነገር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስለ ስለቱ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ "እንቅልፍ ትተኛለሽ?" አሉኝ።

አልተኛም ነበር። በር ሲዘጋ ከአልጋ ዘልዬ እነሣለሁ።

"ይሄ ሁሉ ሰይጣን አይደለም። የተጎዳሽ ሰው ነሽ። ጠበሉም አለ፣ ጤና ጣቢያም ሄደሽ ታዪ።" ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ "በማን ተቀይመሽ ነው የምትመነኩሺው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ጽዱን አየሁ።

"የስልኩ ሰው ከእህትሽ ራቂ አለሽ። ልብሽ ደግሞ ገዳም ግቢ አለሽ። ሁለቱም የሚወስዱሽ አንድ ቦታ ነው። እህትሽን የማታዪበት።"

ይህን እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። አንዱ መጥፎ፣ አንዱ ቅዱስ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። አባ ግን የሐሳቡን መልክ ትተው የሚሄድበትን መንገድ አዩት። ጌታችን በዲያብሎስ የተፈተነበትን አስታወሱኝ። አባቶች ሲያስተምሩ ስስት የመጣበት በገዳም፣ ማለትም በምድረ በዳ ነው፣ ፍቅረ ንዋይ በተራራ ነው፣ ትዕቢት ግን በቤተ መቅደስ ነው ይላሉ። "ዲያብሎስ ዳዊትን የጠቀሰውም እዚያው ነው። ልጄ፣ ከሰው ሁሉ ተለይቼ ተመርጫለሁ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ የት እንደቆምሽ እዪ" አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ግን ታክሲ ውስጥ ያዘንኩላቸው ሰዎች ትዝ አሉኝና አንገቴን ደፋሁ።

"ስለቴስ?" አልኳቸው። "ላፍርሰው?"

"አፍርሺው አላልኩም። ቆዪ ነው ያልኩሽ። የእግዚአብሔር ከሆነ ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። ደግሞ ለማንም አትንገሪ የሚልሽ ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።"

ቀኖና ሰጡኝ። የዘወትር ጸሎት፣ በየቀኑ 41 ስግደት። የስልኩን ሰው አለማነጋገር። በየሳምንቱ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ እህቴ ቤት ቡና መጠጣት።

"አባ፣ ቡናውም ቀኖና ነው?"

"ዋናው እሱ ነው።"

ስግደቱ ቀለለኝ። ቡናው ከበደኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሑዶች ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው ያወራነው። በአራተኛው እትዬ ከአልጋ ሥር ደብተር አወጣች። የላክሁትን ሁሉ ጽፋዋለች። ያጠፋችውንም ጽፋዋለች። ባጃጁ በዓመቱ ተገልብጦ ዕዳ ሆኖባቸዋል። አፍራ ደበቀችኝ። መተት የለ፣ ቅናት የለ። ጥፋት ግን አለ፣ በእጅ ጽሕፈቷ።

ጮህኩባት። "8 ዓመት መስኮት ጠርጌ ነው!" አልኳት። በቶናው ላይ በረካውን ሳልጠጣ ተነሥቼ ወጣሁ። አባ ጋ ሄጄ ቀኖናው አልሠራም አልኳቸው። "ለማታውቂው ሰው የነገርሽውን ዛሬ ለራሷ ነገርሻት" አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ እንድመለስ ላኩኝ። ተመለስኩ። አቦሉን ስትቀዳልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያታለሁ ብል እዋሻለሁ። አንዳንድ ቀን ደብተሩ ትዝ ይለኛል፣ ይነድደኛል። እሷም እንጀራ እየሸጠች በወር አንድ ሺህ ብር ትመልስልኛለች። አንድም ወር አልዘለለችም። እኔ ግን በእሷ ላይ መጸለይ ትቻለሁ። ስሟን የምጠራው ከእናቴ ስም ጎን ነው።

ዓመቱ ሲሞላ አባ ጠየቁኝ። "ሐሳቡ አሁንም ይመጣል?"

"ይመጣል። ግን አያጣድፈኝም።"

"እንግዲያው ፍልሰታን እዚያው ገዳሙ ሱባዔ ያዢ። ከዚያ እንነጋገራለን።" ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ። በሩ ላይ የመለሱኝ እናት እንዲያ ተናድጄባቸው እንደነበር ስነግራቸው ሳቁና ሽሮ እንድለቅም ሰጡኝ። ቆብ እደፋ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። አባም አልቸኮሉም።

ነገ ነሐሴ 1 ነው። ይህን የምጽፈው የእትዬ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ወጨጫን ሸፍኖታል። እሷ ውስጥ የሽንብራ ቆሎ እየቆላችልኝ ነው። "አሥራ አምስት ቀን ነው፣ ይበቃሻል?" ትለኛለች። ጨምሪ አልኳት።