በምንቸቱ ውስጥ ሞት ነበረ

ጌታ ይባረክ! ይህ ሁለተኛው ምስክርነቴ ነው። የመጀመሪያውን እሑድ ማታ ከሆስፒታል ኮሪደር ላይ በስልክ ሰጥቼ ነበር። «እማዬ ተፈውሳለች» ስላቸው ጉባኤው እልል አለ። በዚያ ሰዓት ግን ጉበቷ እየሞተ ነበር። ዛሬ ከነስህተቴ እናገራለሁ።

የእህቶች ሪትሪታችን በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ የኦክ ዛፍ በሞላበት ጫካ ውስጥ ነበር፤ ዲሴምበር ላይ፣ ዝናቡ በዘነበ በሳምንቱ። ቅዳሜ ከጠዋት ጸሎት በኋላ እንጉዳይ ለቀማ ወጣን። ያስለቀመችን አሜሪካዊት ሻንተሬል የሚባለውን ብርቱካናማ የሚበላ እንጉዳይ አሳየችን። ከሥሩ ያሉት መስመሮች እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡ ሳይሆኑ ከሥጋው ጋር የተጣበቁ ሽብሽቦች ናቸው፤ እስከ ግንዱ ይወርዳሉ። ሲቀደድ ውስጡ ነጭ ነው፤ ሽታው የፍራፍሬ ነው። ቀጥላም ዴዝ ካፕ ስለሚባለው ገዳይ እንጉዳይ አስጠነቀቀች። ከአውሮፓ ከዛፍ ሥር ጋር የመጣ ነው፤ ሻንተሬሉ በሚበቅልበት በዚያው ኦክ ሥር ይበቅላል።

እማዬ ከጎሬ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ መተርጎም የእኔ ድርሻ ነበር። ሻንተሬሉን ተረጎምኩላት። ማስጠንቀቂያው ላይ ስደርስ ከጓደኛዬ ጋር ወሬ ይዤ ነበር።

እሷ ደግሞ እንጉዳይ አዲሷ አይደለም። በኢሉባቦር ክረምት ሲገባ ኩይሳ ላይ የሚፈላውን ስትለቅም ነው ያደገችው። ከማደሪያችን ጀርባ ሁለት አገኘች፤ ቆባቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ፣ ከሥር ነጭ። በቢላ ከመሬት በላይ ቆረጠቻቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የኩይሳው እንጉዳይ ግንዱ ወደ መሬት እየቀጠነ ምስጡ ቤት ድረስ ይወርዳል። የዴዝ ካፕ መጨረሻ ግን የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ከረጢት ነው፤ አፈር ውስጥ ስለሚቀበር ቆርጦ ለሚለቅም አይታይም። ግንዱ ላይ እንደ አጭር ቀሚስ የተንጠለጠለ ነጭ ቀለበትም አለው፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን ይረግፋል። ስለዚህ የማታውቁትን ከሥሩ ቆፍሩ እንጂ አትቁረጡ። ገና ያልተከፈተ ነጭ ድቡልቡል ካገኛችሁ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ክፈሉት፤ ውስጡ የትንሽ እንጉዳይ ቅርጽ ከታየ ጣሉት።

በሽንኩርትና በቅቤ ጠበሰችው። «ለሰው ሳላቀርብ ቀድሜ ልቅመሰው» ብላ ለብቻዋ በላች፤ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ ጋር። ጣፋጭ ነበር አለች። መርዙ መራራ አይደለም፤ ሲቀቀልም ሲጠበስም ሲደርቅም አይሞትም። ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ወይም ቀንድ አውጣ ከበላው ደህና ነው የሚባለው ውሸት ነው። አዋቂ ሰው ለመግደል ግማሽ ቆብ ይበቃል። እማዬ ሁለት ሙሉ በልታለች።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አቃሰተች። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ እንደገና ታስመልሳለች። ውኃ ስሰጣት ውኃውን ራሱን ትመልሰዋለች። እጇ በረደ፤ ከንፈሯ ደረቀ። ስልክ አይሠራም። እትዬ የምንላት የጸሎት መሪያችን መጣችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ምን በላሽ?» እማዬ በጣቷ ወደ ድስቱ አመለከተች።

በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ! የኤልሳዕ ዘመን ጩኸት በአፌ መጣ። እዚያም አንድ ሰው የማያውቀውን ከሜዳ ለቅሞ ነበር።

እትዬ (ጌታ ዘመኗን ይባርክ) ከቆሻሻው ውስጥ የተላጠውን ቁራጭ ለቅማ በወረቀት ከረጢት አደረገችው። በፕላስቲክ ቢሆን ይበሰብስ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ዝናብ ነበር። አንዷ እህት ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ የእማዬን ራስ ታቅፌያለሁ። «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» እላለሁ፤ በሆዴ ግን «ታዲያ ማታ የት ነበርክ?» እያልኩ ነበር። በየመታጠፊያው እናቆማለን፤ በሩን ከፍተን እንይዛታለን። በመጨረሻ የምታስመልሰው አልነበራትም። «ልጄ፣ አትቅበሪኝ እዚህ» አለችኝ። ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ እትዬ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል ደወለች፤ 1-800-222-1222፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም አላቸው። ሴትዮዋ ስለ እንጉዳዩ ቀለም ከመጠየቋ በፊት «ከበላች ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው ያመማት?» አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ዝም አለች። ቶሎ የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አሞ የሚያልፍ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚጀምረው ግን ጉበት የሚበላው ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሐኪም የሆድ ጉንፋን መስሎት ነበር። ማዕከሉ ራሱ ደውሎ አስረዳው። ፈሳሽ በደም ሥር፣ የመድኃኒት ከሰል በየአራት ሰዓቱ፣ የጉበት ምርመራ በየስድስት ሰዓቱ። እሑድ ቀትር ላይ ያስለቀመችን ሴት እማዬ የቆረጠችበትን ቦታ ቆፍራ፣ ነጩን ከረጢት ከነአፈሩ ይዛ መጣች። እግዚአብሔር ይስጣት።

እሑድ አመሻሽ እማዬ አጥሚት ጠጣች። ሳቀች። «ቤቴ ውሰጂኝ» አለች። እኔም ደወልኩ፣ መሰከርኩ፣ እልል ተባለ። ነርሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። በዚህ መርዝ ሁለተኛው ቀን ያታልላል፤ ሆድ ይረጋል፣ ጉበት ግን በዝምታ ይፈርሳል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ሰኞ ጠዋት የጉበት ኢንዛይሟ ሺዎች ገባ፤ ደሟ መርጋት አቃተው። ጉበት ወደሚተከልበት ሆስፒታል ተወሰደች። እዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «አሳፈርከኝ» አልኩት። «ለኤልሳዕ ዱቄት ሰጠኸው፣ ለእኔ ምን አለህ? እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» አልሸፍንም፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ወለሉ ላይ ወርውሬያለሁ።

ማታ ፋርማሲስቱ አዲሱን መድኃኒት አስረዳኝ። ሲሊቢኒን ይባላል፤ መርዙ ወደ ጉበት ሴል የሚገባበትን በር ይዘጋል። ለ52 ኪሎዋ እማዬ መጀመሪያ 260 ሚሊግራም በአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በቀን 1,040 ሚሊግራም ሳይቋረጥ በደም ሥር። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ሐምራዊ አበባ ካለው እሾሃማ አረም ፍሬ ነው አለኝ፤ ፎቶውን አሳየኝ። አሜከላ ነው! «እሾህንና አሜከላን ታበቅልብሃለች» የተባለው፣ የእርግማኑ ተክል፣ በጠብታ ወደ እናቴ ክንድ ይወርዳል። እዚያው ተንበረከክሁ። መጽሐፌንም ከወረወርኩበት አነሣሁት።

ማክሰኞ ባሰባት፤ ለንቅለ ተከላ ስሟ ተመዘገበ። ረቡዕ ሌሊት የደም መርጋት ውጤቷ ባለበት ቆመ፤ አልባሰም፣ አልተሻለም። ሐሙስ ጠዋት ተሻለ። ንቅለ ተከላ አላስፈለጋትም። «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ» ብላ በደከመ ድምፅ ጀመረች፤ የቀረውን እኔና የሌሊቷ ነርስ (ኤርትራዊት ናት፣ ተባረኪ) ጨረስንላት።

ከዚያ ሦስት ወር በደም ምርመራ አለፈ።

እማዬ አሁን ጎሬ ናት። በቀደም ደወለችልኝ፤ ክረምት ገብቷል፣ ኩይሳው ላይ ወጥቷል።

«እማዬ፣ ሥሩን ቆፍረሻል?»

«ጣቴ ምስጡ እስኪነካ» አለች።