ፓፓስን ሰጡ፣ ፓልመርን አስቀሩ

ጁላይ ሲጋመስ እኛ ሥራ ቦታ ክርክር ይበዛል። ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ እሱማ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስለ ቤዝቦል ነው።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ ያለችው ዳስ ውስጥ ከሬዲዮ ሌላ ጓደኛ የለም። ቤዝቦል ደግሞ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጨዋታው ረጅም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። አንድ መኪና አቁመህ ስትመለስ ያመለጠህ ነገር የለም።

ክርክሩን የሚያመጣው የዝውውር ማብቂያው ቀን ነው። ለእግር ኳስ ሰዎች ትንሽ ላስረዳ። እዚህ ክለብ ለክለብ ብዙ ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች መግዛት አልተለመደም። ሰው ሰጥተህ ሰው ትወስዳለህ። ተጫዋቹንም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የለም፤ ጠዋት የዋሽንግተን የነበረው ማታ የቦስተን ይሆናል። በሩ የሚዘጋው ጁላይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ታዲያ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል። ቡድናችን እየተሸነፈ ነው። ኳሷን ከአጥር በላይ እየሰደደ ሆምረን የሚያስቆጥርልን አንድ ጉልበተኛ መቺ አለን፤ ዕድሜው ግን ገፋ ብሏል። ሌላ ቡድን መጥቶ «እሱን ስጡኝና ወጣት ወርዋሪዎች (ኳሷን ለመቺው የሚወረውሩትን) ልስጣችሁ» ይላል። እንስጥ ወይስ ይቅርብን?

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የእሳቸው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «ሮቢንሰን!»

ጋሼ በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ባልቲሞር ነበር የሚኖሩት። ፍራንክ ሮቢንሰንን ያወቁት በአሰልጣኝነቱ ነው። 1988 ላይ የባልቲሞር ኦርዮልስ የውድድር ዘመኑን በ21 ተከታታይ ሽንፈት ሲጀምር፣ ከሰባተኛው ጨዋታ ጀምሮ ቡድኑን የያዘው እሱ ነበር። «እኔ አዲስ ስደተኛ፣ ቡድኑ ዘወትር ተሸናፊ፤ ወዲያው ተግባባን» ይላሉ ጋሼ። በኋላ 2005 ላይ ዋሽንግተን ናሽናልስ የሚባለው ቡድን ወደዚህ ሲመጣ የመጀመሪያው አሰልጣኝም እሱ ሆነ። ስለዚህ ለእኛ ሰፈር ሮቢንሰን የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ጋሼ የሚያነሱት ግን ተጫዋች ሳለ የሆነውን ነው። ዲሴምበር 9፣ 1965። ሮቢንሰን ያኔ የሲንሲናቲ ሬድስ መቺ ነው። በዚያ ዓመት 33 ሆምረን መትቷል። ሬድስ በሊጉ ከማንም በላይ ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን ነበር፤ የጎደለው ወርዋሪ ነው። የቡድኑ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ቢል ዴዊት 30 ዓመት የሞላውን ሮቢንሰንን ለባልቲሞር ሰጠ። የተቀበለው ሚልት ፓፓስን ነው፤ 26 ዓመቱ ሆኖ ገና ከአሁኑ 110 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ። ጃክ ባልድሹን የሚባል ሌላ ወርዋሪና ዲክ ሲምፕሰን የሚባል ወጣትም ተጨመሩለት። ወረቀት ላይ ሲታይ ሞኝነት አልነበረም። ዴዊት «30 ዓመቱ ነው፤ ግን ወጣት 30 አይደለም» የሚል ነገር ተናገረ። ይቺ አባባል እስከ ዛሬ ትጠቀስበታለች፣ ምስኪን።

በሚቀጥለው ዓመት «ያረጀው» ሰውዬ 49 ሆምረን መታ፣ 122 ነጥብ አስገባ፣ በመምቻ አማካይም (ካገኘው የመምታት ዕድል ስንቱ እንደተሳካለት) ሊጉን በ.316 መራ። በሦስቱም አንደኛ መሆን በጣም ብርቅ ነው። ሜይ ላይ የመታት አንዲት ኳስ የባልቲሞርን ስታዲየም ጨርሳ ለቃ ወጣች። ያን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። የወጣችበት ቦታ ላይ «እዚህ» የሚል ባንዲራ ተሰቀለ። ኦርዮልስ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ደርሶ ዶጀርስን በጨዋታ 4 ለ 0 ጠረገ። ሬድስ ሰባተኛ ወጣ። ፓፓስ ክፉ ወርዋሪ አልነበረም፤ ለሬድስ 30 አሸንፎ 29 ተሸነፈና 1968 ላይ እሱም ወደ አትላንታ ተላከ። ጭራሽ 1970 ላይ ሮቢንሰን ያለበት ኦርዮልስ በወርልድ ሲሪስ ያሸነፈው ማንን መሰላችሁ? ሬድስን።

ጋሼ ከዚህ ተነስተው «መቺህን አትስጥ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከታሪኩ የማወጣው ሌላ ነገር ነው።

የ1966ቱን ወርልድ ሲሪስ እንደገና እንየው። ዶጀርስ በአራቱ ጨዋታ በድምሩ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያገኘው። ማን አስቆመው? ጂም ፓልመር የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ከታላቁ የዶጀርስ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ ጋር ተፋጥጦ አንድም ነጥብ ሳይገባበት ጨረሰ። በሚቀጥለው ጨዋታ የ21 ዓመቱ ዋሊ በንከር እንደዚያው አደረገ። የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ የ23 ዓመቱ ዴቭ ማክናሊ በዜሮ ዘጋው። እነዚህ ልጆች ልውውጡ ሲደረግ ሦስቱም የባልቲሞር ንብረት ነበሩ። ባልቲሞር ፓፓስን የሰጠው እነሱን ስለያዘ ነው። ሬድስ የወሰደው ጎረቤት የተረፈውን ነው።

ለዚህ ነው ሬዲዮው ልውውጥ ሲያወራ የሚመጣውን ልጅ ስም ትቼ የማይመጣውን የምፈልገው። ያገለገለ መኪና ስትገዛ ሞተሩን ከአንተ በላይ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ወርዋሪም እንደዚያ ነው። ክንዱን ያሳደጉት፣ ሐኪሙን ያነጋገሩት፣ ሲደክመው ያዩት እነሱ ናቸው።

ክንድ ደግሞ ይበጠሳል። እኛ ዲሲዎች ይህን የሚነግረን አንፈልግም። ስቲቨን ስትራስበርግ ጁን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ ኳሷን አስቶ ሲያወጣ ከተማው አበደ። ያው ዓመት ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተቀየረ። ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስደው ክርኑ ላይ ይተክሉልሃል፣ ከዚያ ከዓመት በላይ ትጠብቃለህ። ስትራስበርግ ተመልሶ 2019 ላይ ዋንጫ አበላን፣ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብም ሆነ። ከዚያ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያ ውል የጀመራቸው ጨዋታዎች ስምንት ብቻ ናቸው። እግዜር ይማረን እንጂ ምን ይባላል።

አሁን ወደ ካይል ሽዋርበር፣ የናሽናልስ መቺ ወደነበረው፣ ልምጣ። ጋሼ ሮቢንሰን ካሉኝ በኋላ የሚያነሱብኝ እሱን ነው። 2021 ጁን ላይ ሽዋርበር ለእኛ በ18 ጨዋታ 16 ሆምረን መታ። ዳሱ ውስጥ ብቻዬን የጮህኩበት ወር ነው፤ ሹፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው ያዩኝ ነበር። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ታፋው ተጎዳ። ቡድኑ ወደቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ናሽናልስ ስምንት ሰው በተነ፤ ሽዋርበርም እንደተጎዳ ወደ ቦስተን ሄደ። በምትኩ የመጣው አልዶ ራሚሬዝ፣ የ20 ዓመት ወርዋሪ፣ አንድ ለአንድ። ራሚሬዝ በጉዳት ተንገላታ፤ ናሽናልስን ለብሶ ትልቁ ሊግ ላይ ወርውሮ አላየነውም። ሽዋርበር በማግስቱ ዓመት ለፊላደልፊያ ፈርሞ 46 መታ፤ 2025 ላይ ደግሞ 56።

«ታዲያስ?» ይሉኛል ጋሼ።

ታዲያማ ልውውጡ ልክ ነበር። ሽዋርበር የፈረመው ለአንድ ዓመት ነው። የሰጠነው 56 ሆምረን የሚመታውን ሰው አይደለም፤ የሁለት ወር ሽዋርበርን ነው፣ ያውም የሚያነክስ። በሁለት ወር ዕቃ ሰው የሚያስቀረውን ልጅ አይሰጥህም። ያኔ ቦስተን ጓዳ ውስጥ ብራያን ቤዮ የሚባል ወርዋሪ ነበር። እሱ አልመጣም። በኋላ ቦስተን የረጅም ጊዜ ውል የሰጠው እሱን ነው። ሽዋርበርን በነፃ ማጣት የሚያናድደኝ በፊላደልፊያው ጉዳይ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሶ እንዲፈርም መለመን ነበረብን። ያ ግን ከልውውጡ ሌላ ኃጢአት ነው።

በተቃራኒው ሁዋን ሶቶን እዩ። ኦገስት 2022 ላይ ለሳንዲዬጎ ስንሰጠው ገና ከሁለት ዓመት በላይ በእጃችን ይቆይ ነበር፤ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈልግም ካለ በኋላ ነው። ዕድሜውም 23 ነው፤ አርጅቶ አይደለም። ሳንዲዬጎ ያኔ የሚሳሳላቸውን አወጣ፦ ወርዋሪውን ማኬንዚ ጎርን፣ ሲ ጄ ኤብራምስን፣ ጄምስ ዉድን። ሦስቱም በኋላ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ያስቀሩትን ልጅ እንዲያወጡ የሚያደርጋቸው የመቺህ የሆምረን ብዛት ብቻ ሳይሆን በክለቡ እጅ ሊቆይ የቀረው ጊዜ ነው። መስጠት ካለብህ ዘግይተህ አትስጥ።

ጋሼ እዚህ ላይ አይረቱም። ሌላ ካርታ አላቸው። ኦርዮልስ ራሱ ዲሴምበር 1971 ላይ ሮቢንሰንን ለዶጀርስ ሰጥቷል። 36 ዓመቱ ነው፤ ዶን ቤይለር የሚባል ወጣት ቦታውን ሊወስድ ደርሷል። ከዶጀርስ ከመጡት ልጆች አንዱ ዶይል አሌክሳንደር ነው፣ 21 ዓመቱ፣ ወርዋሪ። 1972 ላይ የኦርዮልስ ምት ቀዘቀዘ፤ ሦስተኛ ወጣ። አሌክሳንደር ግን 1976 ላይ ከሌሎች ጋር ለያንኪስ ተሰጠና በምትኩ ቲፒ ማርቲኔዝ፣ ስኮት ማክግሬገርና ሪክ ዴምፕሲ መጡ። 1983 ላይ ኦርዮልስ ዋንጫ ሲያነሳ የመጨረሻውን ጨዋታ በ5 ለ 0 የዘጋው ማክግሬገር ነው፤ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ዴምፕሲ።

ጋሼ ይህን ሁሉ በሮቢንሰን ሒሳብ ይጽፉታል። «ሲሄድም ዋንጫ ሰጠን» ይላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ? ግማሹን እቀበላለሁ፤ ዴምፕሲ ካቸር (ወርዋሪው የወረወረውን የሚቀበል) ነው፣ በወርዋሪ ስም አይቆጠርልኝም። የማልመልስላቸው ማክግሬገርን ሲያነሱብኝ ነው። ያንኪስ ያን ልጅ ገና ትልቁ ሊግ ላይ አንድ ኳስ ሳይወረውር በ1976ቱ ልውውጥ ለምን እንደለቀቀው፣ በእኔ ሒሳብ እንጃ።